ዓሣ ስንስል የምንተዋት ነርቭ

ክረምት ላይ፣ ነሐሴ አጋማሽ አካባቢ ግልገል ዓባይን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ውኃ ሳይሆን የተበጠበጠ ጭቃ ነው የሚመስለው። ከሰከላና ከዙሪያዋ ያለውን አፈር ጠራርጎ ይዞ እየደነፋ ወደ ጣና ይወርዳል። አንድ ብርጭቆ ቀድታችሁ ጣታችሁን ብትከቱበት ጣታችሁ አይታያችሁም። ታዲያ በዚህ ወቅት ነው ከጣና ቢልጫዎች በርከት ያሉት ዝርያዎች እንቁላላቸውን ለመጣል ከሐይቁ ወጥተው ወንዞቹን ሽቅብ የሚዋኙት። መንገዱ ላይ ድንጋይ አለ፣ አዙሪት አለ፣ ከላይ ተነቅሎ የመጣ ግንድ አለ፣ ከፊትም ከኋላም ሌላ ዓሣ አለ። ዓይን እንደሆነ በዚያ ውኃ ውስጥ ብዙም አይጠቅምም።

አይጋጩም እንዴ?

ባዮሎጂ የተማረ ልጅ መልሱን ያውቃል፦ «የጎን መስመር»። ዓሣ በጎኑ ላይ ባለች መስመር የውኃን እንቅስቃሴ ይሰማል። ልክ ነው፣ ማርክ ይሰጠዋል። የእኔ ቅሬታ ነገሩ እዚያው ላይ ማለቁ ነው።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ሂስ ነው። የምተቸው ግን ልብ ወለድ ወይም ፊልም አይደለም፤ አንድ ስዕል ነው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዓሣው ወደ ግራ ዞሯል፣ ስንጥቡ ተከድኗል፣ ክንፎቹ ተዘርግተዋል፣ ከስንጥቡ ክዳን እስከ ጅራቱ አንዲት ቀጭን መስመር ተሰምራለች፣ ጫፏ ላይ ቀስት፣ ቀስቱ ጫፍ ላይ «የጎን መስመር» የሚል ጽሑፍ። እኔም ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ስየዋለሁ፤ ስለዚህ ዱላው እኔንም ያገኘኛል። ይህ ስዕል የሚያሳየን መስኮቱን ነው። ከመስኮቱ ጀርባ ማን እንደተቀመጠ አያሳይም።

እስቲ መጀመሪያ መስኮቱን እንክፈተው። መስመሯ ራሷ ምንም አትሰማም። በቅርፊቶቹ ላይ በተርታ የተበሱ ቀዳዳዎች ናት፤ ቀዳዳዎቹም ከሥር ወዳለ ቀጭን ቦይ ይገባሉ። ቦዩ ውስጥ ኒውሮማስት የሚባሉ ጥቃቅን አካላት ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ኒውሮማስት የፀጉራም ህዋሳት ስብስብ ሲሆን ከላይ ጄሊ የመሰለ ቆብ ደፍቷል። ውኃው ሲገፋ ቆቡ ያጋድላል፤ ከሥሩ ያሉት ፀጉሮች ይታጠፋሉ፤ ህዋሱም ለነርቩ መልእክት ያቀብላል። ቦይ ውስጥ ሳይገቡ ቆዳው ላይ የተቀመጡም አሉ። እነዚህ በዋናነት የውኃውን ፍጥነት ነው የሚከታተሉት። ቦይ ውስጥ ያሉት ደግሞ በአንዱ ቀዳዳና በሚቀጥለው መካከል የሚፈጠረውን የግፊት ልዩነት ይለያሉ። ሁለቱ ተደምረው ነው ዓሣው በደራሽ ውኃ ውስጥ ራሱን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው፣ በዚያው ውኃ መሐል ደግሞ የጎረቤቱ ጅራት ውልብ ሲል የሚያውቀው። ክልሉ አጭር ነው፤ የዓሣውን ቁመት አንዴ ወይም ሁለቴ ያህል ቢርቅ ነው። ከዓይን ይልቅ ለዳበሳ ይቀርባል፤ ሳይነኩ መዳበስ በሉት።

የእነዚህ ፀጉራም ህዋሳት ዘመዶች አሁን ይህን ስታነቡ ውስጠ ጆሯችሁ ውስጥ አሉ። የምትሰሙት በእነሱ ነው፤ ስትቆሙ የማትወድቁትም በእነሱ እርዳታ ነው።

አሁን ወደ ትችቱ። ቀዳዳውን ብቻ ማየት ምን ያህል እንደሚያሳስት የሳይንስ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ዴንማርካዊው ስቴኖ እነዚህን ቀዳዳዎች ሲገልጽ የታየው ዝልግልግ ፈሳሽ ነበር። እውነትም ዓሣ ያሟልጫል፣ ቀዳዳም አለው፤ እንግዲህ ፈሳሹ የሚወጣው ከዚህ ነው ተባለ። ይህ አስተሳሰብ ለሁለት መቶ ዓመት ገደማ ቆየ። ማንም ሰነፍ ስለነበር አይደለም፤ ከውጭ ሲታይ ግምቱ ምክንያታዊ ነው። በ1850 (እ.ኤ.አ.) ጀርመናዊው ፍራንዝ ሌይዲግ በቦዩ ውስጥ ነርቭ መጥቶ የሚያልቅባቸውን ጉብታዎች አገኘ። ነርቭ መጥቶ እዚያ ካለቀ ነገሩ ዝልግልግ ማመንጫ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ የስሜት አካል ነው። ነገሩ የተፈታው ነርቩ ሲታይ ነው ማለት ነው። እኛ ግን ዛሬም ስዕላችን ላይ ቀዳዳውን አስቀርተን ነርቩን እንጥላለን።

ነርቩ ደግሞ ከየት ነው የሚመጣው? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገርመው። ጅራት አጠገብ ያለ ኒውሮማስት መልእክቱን በአቅራቢያው ባለው ህብለ ሰረሰር በኩል የሚልክ ይመስላችኋል። የእናንተ ጣት የሚያደርገው እንደዚያ ነው፤ ከጣት ወደ ህብለ ሰረሰር፣ ከዚያ ወደ አንጎል። የዓሣው ግን አይደለም። ከጅራት ጫፍ ጀምሮ የጎኑን ርዝመት ሁሉ አቋርጦ፣ ከጆሮው በስተኋላ ራስ ቅሉ ውስጥ ገብቶ፣ በቀጥታ ወደ አንጎል ይሄዳል።

ለምን? ዜብራ ዓሣ የምትባለው ትንሽ ዓሣ ሽሏ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ነገሩ ሲሆን በማይክሮስኮፕ ታይቷል። እንቁላሉ ከዳበረ ከ20 ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ከጆሮው ኋላ ያሉ መቶ ያህል ህዋሳት ተያይዘው ጉዞ ይጀምራሉ። በቆዳው ሥር ወደ ጅራት እየሄዱ በየቦታው ጥቂት ጥቂት ህዋስ እያስቀሩ ያልፋሉ፤ የቀሩት ኒውሮማስት ይሆናሉ። ሁለተኛው ቀን ሳያልቅ ጅራት ይደርሳሉ። ነርቩም አብሯቸው ይሄዳል፣ ክር እንዳስከተለ መርፌ። እና ረጅሙ ነርቭ የዚያ ጉዞ ዱካ ነው። ስዕሉ ላይ ያለችው መስመር ጎን ላይ ተወልዳ ጎን ላይ የቀረች ትመስላለች፤ መነሻዋ ግን ከጆሮ አጠገብ ነው።

እዚህ ላይ ሌላ የምጣላው ነገር አለ፤ «12 ጥንድ የራስ ነርቮች» የሚባለው። ሁላችንም ሸምድደነዋል። ይህን አቆጣጠር የሰጠን ጀርመናዊው ሶመሪንግ ነው፣ በ1778፤ የቆጠረው ደግሞ የሰውን ነው። ለሰው ይሠራል። በኋላ ዓሣ ሲመረመር እነዚህ የጎን መስመር ነርቮች ብቅ አሉና ቁጥር ጠፋላቸው። ምን ተደረገ? የፊተኛው ከ7ኛው ነርቭ ጋር ተዳበለ፤ የኋለኛው የ10ኛው፣ የቫገስ፣ «የጎን ቅርንጫፍ» ተባለ። የድሮ የአናቶሚ መጻሕፍት በዚህ ስም የተሞሉ ናቸው። አከራይ ቤት እንደጠፋበት ተማሪ ከዘመድ ቤት ተጠጉ ማለት ነው። ግን እኮ ዘመድ አይደሉም! የራሳቸው የነርቭ ህዋሳት ቋት አላቸው፤ በሽል ጊዜ የሚበቅሉት ከራሳቸው መነሻ ነው፤ አንጎል ውስጥም የሚያርፉት በራሳቸው ሰፈር ነው። በ1989 አሜሪካዊው ግሌን ኖርዝከት ይህን ሁሉ ሰብስቦ፣ የጥንቶቹ መንጋጋ ያላቸው እንስሳት በየጎናቸው እስከ ስድስት የሚደርሱ የተለያዩ የጎን መስመር ነርቮች እንደነበሯቸው ተከራከረ። እኔ በዚህ ከእሱ ጋር ነኝ። ዓሣው ትርፍ ነርቭ የለውም፤ እኛ ነን ያጣነው። ቅድመ አያቶቻችን ወደ የብስ ሲወጡ ውኃው ቀረ፣ ነርቮቹም ቀሩ። ሙሉ በሙሉ ያልተዋቸውም አለ፤ በኢትዮጵያ ደጋ ኩሬዎች የሚኖረው ዜኖፐስ ክሊቪ የተባለው እንቁራሪት ውኃ ውስጥ ስለሚኖር አድጎም የጎን መስመሩን አይጥልም። ጎኑ ላይ ልብስ ሰፊ በነጭ ክር የሰፋው የሚመስሉ አጫጭር ስፌቶች ይታያሉ። ልጆች ሆነን ስናባርራቸው ልብ ብለን ዓይተናቸው ቢሆን ኖሮ!

በቃ፣ ከመጽሐፍ እንውጣና ባሕር ዳር ዓሣ የሚሸጥበት እንሂድ። ቆሮሶ አንሱ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚበላ ዓሣ የለም ብል ብዙ አልሳሳትም። ጎኑን እዩት። መስመሯ አንድ አይደለችም! ከስንጥቡ ክዳን ተነስታ ከፍ ብላ ትሄድና፣ የጀርባው ክንፍ ማብቂያ አካባቢ ስትደርስ ትቆማለች። ከዚያ ዝቅ ብሎ በጅራቱ ግንድ መሐል ላይ ሌላ ቁራጭ ይጀምራል። ደብተራችን ላይ የምንስለው ዓሣና ሳህናችን ላይ የምናገኘው ዓሣ አይገጥሙም ማለት ነው፤ ይህን ያህል ዓመት ስንበላው አልታየንም። ቆዳውን ቀስ ብላችሁ ብትገፉ ግን ሁለቱም ቁራጮች ነርቫቸውን የሚያገኙት ከራስ ኋላ ከሚወጣው ከአንዱ ግንድ ነው። የተቆረጠው ውጪው ነው።

ቀጥሎ አምባዛ። ቅርፊት የሚባል የለውም፤ ስለዚህ «ቀዳዳ ያላቸው ቅርፊቶች ረድፍ» የሚለው ትርጉም ገና ከመነሻው ይወድቃል። ቢሆንም ጎኑ ላይ ቀጭን ነጣ ያለች መስመር አለች። ከዚያም በላይ አምባዛ ቆዳው ላይ፣ በተለይ ጭንቅላቱ ላይ፣ ደካማ ኤሌክትሪክ የሚሰሙ ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉት። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ውኃ ውስጥ እጅግ ደካማ የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጥራል፤ አምባዛ ሌሊት ጭቃ ውስጥ የተደበቀ ትል የሚያገኘው በዚህም ጭምር ነው። መልእክቱን ወደ አንጎል የሚያደርሱት እነማን ናቸው? እነዚያው ቁጥር ያጡት የጎን መስመር ነርቮች።

የምዕራብ ጎጃም ልጅ ደግሞ ይህን በራሱ ወንዝ ሊያስበው ይችላል። በሰከላ ተራራ በአንድ በኩል የዘነበው ዝናብ በግልገል ዓባይ አድርጎ ጣና ይገባል፤ በሌላ በኩል የዘነበው በብርና በፈጠም አድርጎ፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አካባቢ አልፎ፣ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ዓባይን ይቀላቀላል። በሁለቱ መካከል 40 ሜትር ገደማ የሚሆን የውኃ ገደል ቆሟል። ከታች ያለ ዓሣ ያንን አይወጣም። ስለዚህ ከፏፏቴው በላይ ጣና ውስጥ የሌሉ፣ ከታች ግን ወደ ሱዳን ድንበር በሚወርደው ዓባይ የሚገኙ ዓሦች አሉ። ከእነሱ አንዱ ወገን ሞርሚሪድ ይባላል፤ አንዳንዶቹ አፋቸው እንደ ዝሆን ኩምቢ የረዘመ ነው። እነዚህ የአምባዛን ችሎታ ወስደው ወደ ሌላ ደረጃ አድርሰውታል። ራሳቸው ደካማ ኤሌክትሪክ ይለቃሉ፤ ከዚያ ያ መስክ በድንጋይ፣ በተክል፣ በሌላ ዓሣ ሲዛባ ይለያሉ። እርስ በርስም ይነጋገሩበታል። ለዚህ ሥራ አንጎላቸው ውስጥ ሰፊ ክፍል አለ፤ ወደዚያ ክፍል መረጃ የሚያስገባውም ይኸው የጎን መስመር ነርቭ ነው። ከመስመሯ ብትነሱ ቆሮሶና ሞርሚሪድ የሚያመሳስላቸው ብዙም የለም። ከነርቩ ብትነሱ አንድ ቤት ሁለት ሥራ ሲያወጣ ታያላችሁ።

ከዓባይ ለአፍታ ወደ ባሕር ልውሰዳችሁ፤ ምክንያቱም ስዕላችንን ጨርሶ የሚያፈርሰው ዓሣ ያለው እዚያ ነው። ጠፍጣፋ ዓሦች ይባላሉ። ቀይ ባሕር ውስጥ አንዱ «የሙሴ ዓሣ» ይባላል፤ ባሕሩ ሲከፈል መሐል ላይ ስለነበር ለሁለት ተከፈለ ይባልለታል፣ ግማሽ ዓሣ ስለሚመስል። እውነታው ግን ከተረቱ አያንስም። ጠፍጣፋ ዓሣ ሲፈለፈል እንደማንኛውም ዓሣ ነው፤ አንድ ዓይን በቀኝ፣ አንድ ዓይን በግራ፣ ቀጥ ብሎ ይዋኛል። ጥቂት ሳምንት ሲቆይ አንዱ ዓይን ጭንቅላቱን ተሻግሮ ወደ ሌላኛው ጎን ይሄዳል። ዓሣው በጎኑ ይተኛል። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሁሉ አንዱ ጎኑ ሰማይ ያያል፣ ሌላው አሸዋ ላይ ነው።

ስዕላችን ዓሣውን ሁልጊዜ ወደ ግራ አዙሮ የሚስለው ሌላኛው ጎን ያው ነው ብሎ ስለሚያምን ነው። ሁለቱም ዓይኖቹ በቀኝ ያሉትን ጠፍጣፋ ዓሣ እንደዚያ ብትስሉት የምታሳዩት ዓይን የሌለውን ጎን ነው! መስመሯም ቢሆን አንድ ቦታ አትገኝም። በብዙዎቹ ላይ ከደረት ክንፉ በላይ ቅስት ሠርታ ታልፋለች። ቦቲድ በተባሉት ዘንድ በታችኛው ጎን ደካማ ነች ወይም ጭራሽ የለችም። «ምላስ ዓሣ» በሚባሉት ወገኖች ዓይን ባለበት ጎን ሁለት ወይም ሦስት መስመር ይቆጠራል። ጭንቅላት ላይ ያሉት ቦዮችም ከተሰደደው ዓይን ጋር አብረው ተጣመዋል። ተማሪ ይህን በቀስትና በጽሑፍ ላስረዳ ቢል ያብዳል።

በ1901 ኮልና ጆንስተን ፕሌይስ በተባለው ጠፍጣፋ ዓሣ ላይ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጻፉ፤ የራስ ነርቮቹንም በትዕግሥት ተከታተሉ። እንደዚህ ያለ ሥራ ስታዩ ነው ሥርዓቱ የሚገለጠው። ቅርንጫፎቹ ዓይኑን ተከትለው ቢጣመሙም ግንዶቹ በሁለቱም ጎን ከሚጠበቁበት ቦታ ይነሳሉ፤ አንጎሉ ጋ ስትደርሱ የተጣመመው ዓሣ ከዘመዶቹ ጋር ይገናኛል። የሚቆጨኝ ግን ስለ ጠፍጣፋ ዓሣ የምንሰማው ትልቅ ክርክር ሁሉ ስለ ዓይን ብቻ መሆኑ ነው። በ1871 ማይቫርት የተባለው ሰው ዳርዊንን በዚህ ዓሣ ሞገተው፤ ግማሽ መንገድ የተጓዘ ዓይን ምን ይጠቅማል ብሎ። ዳርዊን በቀጣዩ ዓመት በወጣው የመጽሐፉ 6ኛ እትም መለሰለት። በ2008 ማት ፍሪድማን ዓይናቸው በእርግጥም ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ የጥንት ዓሦች ቅሪተ አካል ኔቸር ላይ አሳተመ። ድንቅ ነው፤ ክርክሩ በማስረጃ ተዘጋ። ነገር ግን ሁሉም ሰው ዓይን ዓይን ሲል፣ አሸዋ ላይ የተኛው ሌላኛው ጎን ምን እንደሚሰማው ማን ጠየቀ? እኛ በዓይን የምንኖር ፍጡሮች ስለሆንን ዓሣውንም በዓይኑ ነው የለካነው፣ ነርቩንም በ12 ቁጥራችን እንደለካነው።

ይህ ነገር ለአናቶሚ ሰዎች ብቻ የተተወ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ ወደ ጣና ልመልሳችሁ። የቢልጫዎቹን ጉዳይ የምታውቁት ካላችሁ ታሪኩን ታስታውሳላችሁ። በ1830ዎቹ ጀርመናዊው ሩፔል መጥቶ ከጣና የተለያዩ ዝርያዎችን ሰየመ። በ1973 ባኒስተር የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ትላልቅ ቢልጫዎች ሲከልስ፣ በጎን መስመር ላይ ያሉ ቅርፊቶችን ጨምሮ የሚቆጠሩትና የሚለኩት ነገሮች እርስ በርስ ስለሚደራረቡበት የጣናዎቹን ከሌሎች ጋር አንድ ላይ ጠቀለላቸው፦ አንድ ዝርያ። በ1990ዎቹ ከሆላንዱ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡት ናገልከርክና ሲቢንግ ከባሕር ዳር ሆነው እንደገና መረመሯቸው። የአፉን አቀማመጥ፣ የጭንቅላቱን ቅርጽ፣ የሚበላውን፣ የሚኖርበትን ጥልቀት አንድ ላይ ሲያዩ 15 ዝርያ ሆነ፤ ሰባቱ ስም እንኳ ያልነበራቸው። ስምንቱ ዓሣ በል ናቸው፣ ያውም በመንጋጋቸው ላይ አንድ ጥርስ ሳይኖር።

ባኒስተርን መውቀስ ቀላል ነው። ሰውየው የሠራው በዘመኑ ደንብ ነው፣ ሰፊ አካባቢም ነበር የሚመለከተው። ደንቡን ግን እወቅሳለሁ። የጎን መስመር ቅርፊት መቁጠር በዓሣ ምደባ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ የተለመደ ነው፤ ዓሣ ይመጣል፣ ቅርፊት ይቆጠራል፣ ቁጥሩ ይጻፋል። አንድ የስሜት አካል እንዲህ ወደ ቁጥር ይወርዳል፤ ልክ የሰውን ጆሮ በሴንቲ ሜትር ለክቶ ስለ መስማቱ ምንም አለመጠየቅ ማለት ነው። የሆላንዶቹን ሥራ አደንቃለሁ፤ እነሱም ቢሆኑ ያዩት ዓሣው እንዴት እንደሚበላ ነው። እንዴት እንደሚሰማ ሌላ ጥያቄ ነው። ጣና ጥልቀቱ አነስተኛ፣ ውኃው ድፍርስ ነው። በዚያ ድፍርስ ውስጥ ጥርስ የሌለው አዳኝ፣ ከታች ጭቃ ከሚለቅመው ዘመዱ ጋር ሲነጻጸር ነርቩ የት ወፍሮ የት ቀጥኗል? ቅርፊት በመቁጠር የማይለዩት ሁለት ቢልጫዎች በነርቭ ቢለዩስ? ይህን ለመጀመር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ማይክሮስኮፕ፣ መርፌና ትዕግሥት ነው።

ጊዜውም አይጠብቅም። በክረምት ወደ ወንዝ የሚወጡትን ቢልጫዎች በወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቃቸዋል። ወደ ውስጥ ገባ ባሉት ገባሮች ላይ ደግሞ የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውኃው ላይ ይበተናል፤ በውስጡ ያለው ሮቴኖን ዓሣው ኦክስጅን እንዳይጠቀም ያደርገዋል፣ ትልቁም ትንሹም ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። ቢልጫ ሁሉ በወረቀት ላይ አንድ ዝርያ ከሆነ፣ ከ15ቱ አንዱ ቢጠፋ ማንም የጠፋ አይመስለውም። ዓሣ አሁንም አለ ይባላል።

እስከዚያው አንድ ነገር ሞክሩ። ቤት ውስጥ ያልተጠበሰ ቆሮሶ ሲመጣ ቢላው ሳይነካው በፊት ለምኑ። ከስንጥቡ ክዳን ኋላ ቆዳውን በትንሹ ቅደዱና ወደ ጅራት ቀስ አድርጋችሁ ግፈፉ። ሥጋው ላይ፣ ከቆዳው ሥር፣ ነጭ የልብስ ስፌት ክር የምትመስል ነገር ፈልጉ። በመርፌ ጫፍ ቀና አድርጉና ወደ ጭንቅላቱ ተከተሏት። እናታችሁ ዓሣውን ከመጠየቋ በፊት የት እንደምትገባ ታያላችሁ።